አዲስ የሙዚቃ ፍቅር፦ ዩኩሌሌ መጫወት ሲጀምሩ ስለ እጅዎና ስለ ጤናዎ ማወቅ ያለብዎት

ከሕመም በማገገም ላይ ያሉ፣ ጡረታ የወጡ ወይም ለረጅም ጊዜ ቤት መዋል ግድ የሆነባቸው ብዙ ሰዎች በጉልምስናቸው የሙዚቃ መሣሪያ መማር ይጀምራሉ። ዩኩሌሌ ትንሽ፣ ቀላልና ቶሎ የሚለመድ ስለሆነ ከሚመረጡት አንዱ ነው። ይህ ጽሑፍ መሣሪያው ለጤና ምን ሊረዳ እንደሚችል፣ እጅን እንዴት ሊጎዳ እንደሚችል፣ የተለያየ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ምን መጠንቀቅ እንዳለባቸውና መቼ ወደ ሐኪም መሄድ እንደሚያስፈልግ ያብራራል።

በአጭሩ

• በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጣት ጫፍ መቁሰል የተለመደ ነው። የመደንዘዝ ስሜት፣ የእጅ አንጓ ሕመምና የጣት መቆለፍ ግን የተለመዱ አይደሉም።
• እጅን በብዛት የሚጎዳው መሣሪያው ሳይሆን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያለ እረፍት ለረጅም ሰዓት መለማመድ ነው።
• የስኳር ሕመም ካለብዎት፣ የኬሞቴራፒ ወይም የኩላሊት እጥበት ሕክምና ላይ ከሆኑ፣ ወይም በቅርቡ የልብ ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ከመጀመርዎ በፊት ሐኪምዎን ያነጋግሩ።
• ሙዚቃ የታዘዘልዎትን መድኃኒት ወይም ፊዚዮቴራፒ አይተካም።

ዩኩሌሌ ምን ዓይነት መሣሪያ ነው?

ዩኩሌሌ ጊታርን የሚመስል፣ ነገር ግን በጣም የሚያንስ ባለ አራት ክር መሣሪያ ነው። መገኛው የሃዋይ ደሴቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1879 ከፖርቱጋል የማዴይራ ደሴት በመርከብ ወደ ሆኖሉሉ የሄዱ ሰዎች ትንንሽ ባለ ክር መሣሪያ ይዘው ነበር። ከመካከላቸው የነበሩ የእንጨት ሥራ ባለሙያዎች ያንን መነሻ አድርገው ዛሬ ዩኩሌሌ የምንለውን ሠሩ።

ከጤና አንጻር መሣሪያውን ከጊታር የሚለዩት ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ክሮቹ አብዛኛውን ጊዜ ናይሎን ወይም ናይሎን መሰል ስለሆኑ ከብረት ክር ይልቅ ለጣት ይለሰልሳሉ። ሁለተኛ፣ ክሮቹ የተወጠሩት ላላ ብለው ስለሆነ ለመጫን ብዙ ጉልበት አይጠይቁም። ሦስተኛ፣ ቀላል ስለሆነ ወንበር ላይ፣ አልጋ ላይ ተደግፈው ወይም ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው መጫወት ይቻላል።

መጠኑ ይለያያል። ትንሹ ሶፕራኖ 53 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ቴነር የሚባለው ደግሞ 66 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ጣታቸው ወፍራም የሆነ ወይም መገጣጠሚያቸው የሚገትር ሰዎች በሶፕራኖ ላይ ጣቶቻቸው ይጨናነቁባቸዋል፤ ለእነሱ ቴነር ይሻላል።

ለጤና ምን ጥቅም አለው?

የሙዚቃ መሣሪያ መማር ብዙ የአካልና የአእምሮ ክፍሎችን በአንድ ጊዜ ያሠራል። አንዱ እጅ ክር ይጫናል፣ ሌላው ይመታል፣ ጆሮ ድምፁን ይለያል፣ አእምሮ ቀጣዩን ያስታውሳል። የአዋቂ ሰው አንጎልም አዲስ ክህሎት የመማር ችሎታው አይጠፋም። ከልጅ ይልቅ ቀስ ሊል ይችላል እንጂ ይማራል።

ሰዎች በተግባር የሚያገኟቸው ጥቅሞች የሚከተሉት ናቸው፦

• ጭንቀት ለጊዜው ይቀንሳል፣ ትኩረት ከሕመሙ ላይ ይነሣል። ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው ለግማሽ ሰዓት ስለ ሌላ ነገር ማሰቡ ቀላል ነገር አይደለም።
• ቀኑ መልክ ይይዛል። ከሥራ የቀረ ሰው «ጠዋት ልምምድ አለብኝ» ማለቱ ከአልጋ ለመነሣት ምክንያት ይሆነዋል።
• ጣቶች በየቀኑ ይንቀሳቀሳሉ።
• ከሌሎች ጋር ለመጫወትና ለመዘመር ምክንያት ይሆናል፤ ብቸኝነትን ይቀንሳል።

ዩኩሌሌ የመርሳት በሽታን ይከላከላል ወይም ድባቴን ያድናል የሚል ነገር ከሰሙ ግን በጥንቃቄ ይመልከቱት። ሙዚቃ ከሕክምና ጎን ለጎን የሚሄድ ነገር ነው። ደስ ስላለዎት ብቻ የድባቴ፣ የደም ግፊት ወይም የሌላ ሕመም መድኃኒት በራስዎ አያቁሙ።

አዲስ ፍቅር እጅን የሚጎዳው ለምንድን ነው?

አዲስ ነገር የወደደ ሰው ሰዓት አይቆጥርም። የመጀመሪያውን ዜማ ሲያገኝ ሁለተኛውን ይፈልጋል፤ እራት ይቀዘቅዛል፤ እሱ ግን ገና መሣሪያውን አላስቀመጠም። ችግሩ ፍላጎት በአንድ ቀን ሲያድግ ጅማት ግን በሳምንታትና በወራት የሚጠነክር መሆኑ ነው። ጡንቻዎችን ከአጥንት ጋር የሚያያይዙት ጅማቶች የሚደርሳቸው የደም መጠን አነስተኛ ስለሆነ ለአዲስ ሥራ የሚዘጋጁት ቀስ ብለው ነው። ዩኩሌሌ ደግሞ ጉልበት ስለማይጠይቅ «አልደከመኝም» የሚል ስሜት ይሰጣል። ስለዚህ ጉዳቱ የሚታወቀው በማግስቱ ወይም ከሳምንት በኋላ ነው።

ይህ ለክራር፣ ለጊታርና ለፒያኖ ጀማሪዎችም ይሠራል። በተለይ ቀኑን ሙሉ በኮምፒውተር ላይ የሚጽፉ፣ የሚሰፉ፣ የሚያበስሉ ወይም ሕፃን የሚያቅፉ ሰዎች እጃቸው አስቀድሞ ስለሚደክም ልምምዱ ተጨማሪ ጫና ይሆንባቸዋል።

የትኛው ሕመም የተለመደ ነው? የትኛውስ አይደለም?

የተለመደ፦

• ክር የሚጫኑት የጣት ጫፎች መቅላት፣ መቁሰልና የክሩ መስመር መታየት። ቆዳው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይደነድናል (መጅ ያወጣል)፤ ከዚያ በኋላ ሕመሙ ይቀንሳል።
• ከልምምድ በኋላ በመዳፍ ላይ ቀለል ያለ ድካም። ይህ በአንድ ሌሊት እረፍት መጥፋት አለበት።

ትኩረት የሚፈልግ፦

• የአውራ ጣት፣ የጠቋሚና የመሐል ጣት መደንዘዝ ወይም መውረር፣ በተለይ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ። በእጅ አንጓ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ተጫነ ማለት ሊሆን ይችላል።
• የትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት መደንዘዝ። ክርንን ለረጅም ጊዜ አጥፎ ከመያዝ ጋር ሊያያዝ ይችላል።
• በአውራ ጣት በኩል ያለው የእጅ አንጓ ጎን ሕመም፣ ኩባያ ሲያነሡ ወይም ጨርቅ ሲጨምቁ የሚብስ።
• ታጥፎ የሚቆለፍና ሲዘረጋ «ቀጭ» የሚል ጣት። ይህ የስኳር ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ይበልጥ ይታያል።

ከእነዚህ አንዱን ካዩ ልምምዱን ለጥቂት ቀናት ያቁሙ። እረፍት አድርገው ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ ካልተሻለዎት ወይም ሲጀምሩ ከተመለሰ ሐኪም ይዩ። «ከለመድኩት ይተወኛል» ብሎ በሕመሙ ላይ መጫወት ጉዳቱን ያራዝመዋል።

የመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት

የሚከተለው ለአብዛኛው ጀማሪ የሚስማማ አካሄድ ነው፦

• 1ኛ ሳምንት፦ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ።
• 2ኛ ሳምንት፦ በቀን ሁለት ጊዜ፣ 10 ደቂቃ።
• 3ኛና 4ኛ ሳምንት፦ በቀን ሁለት ጊዜ፣ 15 ደቂቃ።
• በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን እጅዎን ያሳርፉ።
• ከዚያ በኋላ ሰዓቱን ከፍ ቢያደርጉም በየ25 ደቂቃው መሣሪያውን አስቀምጠው 5 ደቂቃ ይረፉ።

የስልክዎን ማንቂያ ይጠቀሙ። የጊዜውን መድረስ በስሜት ለማወቅ አይሞክሩ፤ የሚጥምዎት ነገር ላይ ሰዓት አይታወቅምና።

እጅዎ እስኪለምድ ብዙ የማያስጨንቁ ነገሮችን ይምረጡ። በተለመደው ቅኝት አራቱ ክሮች ሶል፣ ዶ፣ ሚ እና ላ ናቸው። ዶ የሚባለውን ኮርድ ለማግኘት የላን ክር በሦስተኛው ፍሬት ላይ በአንድ ጣት ብቻ መጫን ይበቃል። የአገርዎን ዜማ የሚወዱ ከሆነ ደግሞ መልካም ዜና አለ፦ የትዝታ ሜጀር ቅኝት አምስት ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል እና ላ ስለሆኑ አራቱን ምንም ሳይጫኑ ያገኟቸዋል። የጎደለው ሬ በዶ ክር ሁለተኛ ፍሬት ላይ ነው። ስለዚህ የጣትዎ ጫፍ የቆሰለ ቀንም ክሮቹን ባዶ እየመቱ ዜማ መፈለግ ይችላሉ።

አያያዝና አቀማመጥ

• እግርዎ ወለል የሚነካበት፣ የክንድ መደገፊያ የሌለው ወንበር ላይ ይቀመጡ።
• መሣሪያውን በደረትና በክንድ መካከል አጥብቀው ከመያዝ ይልቅ በማንገቻ ይሸከሙት። ማንገቻ ሲኖር ግራ እጅ መሣሪያውን ከመሸከም ያርፋል።
• የእጅ አንጓዎ በተቻለ መጠን ቀጥ ይበል። አንጓን አጥፎ መጫን ነርቭን ያስጨንቃል።
• ክሩን ከፍሬቱ አጠገብ፣ ድምፁ ጥርት እስኪል ድረስ ብቻ ይጫኑ። ከዚያ በላይ የሚጫኑት ጉልበት ድምፁን አያሻሽለውም።
• ትከሻዎ ወደ ጆሮዎ ከፍ ብሎ ከሆነ ዝቅ ያድርጉት።
• ከመጀመርዎ በፊት እጅዎ ቀዝቃዛ ከሆነ ለብ ባለ ውሃ ያሙቁት።

ሕመም ካለብዎት

የስኳር ሕመም። የስኳር ሕመም የእጅና የእግር ነርቮችን ሊያደነዝዝ ይችላል። ጣትዎ የማይሰማው ከሆነ ቆዳው ሲቆስል አይታወቅዎትም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ የጣት ጫፎችዎን በብርሃን ይመልከቱ። የተቀደደ፣ ውሃ የቋጠረ ወይም የቀላ ቦታ ካለ እስኪድን አይጫወቱ። ሌላም ነገር አለ፦ ስኳርዎን ጣት ወግተው የሚለኩ ከሆነ ክር የሚጫንበትን እጅ ትተው በሌላኛው እጅ፣ ከጣት ጫፍ መሐል ሳይሆን ከጎኑ ይውሰዱ። የደነደነ ቆዳ ደም ለማውጣት ያስቸግራል፤ አዲስ የተወጋ ጣትም ክር ሲጫን ያማል። ከመለካትዎ በፊት እጅዎን መታጠብ አይርሱ።

የመገጣጠሚያ ሕመም። መገጣጠሚያዎ ባበጠ፣ በጋለና በቀላ ጊዜ አይጫወቱ። ጠዋት ጣት የሚገትርዎት ከሆነ ልምምዱን ወደ ቀትር ያዛውሩት። በአውራ ጣት ሥር ሕመም ያለባቸው ሰዎች አውራ ጣታቸውን ከመሣሪያው አንገት ጀርባ ጠበቅ አድርገው እንዳይጫኑ ይጠንቀቁ።

ስትሮክ። ከስትሮክ በኋላ በሙዚቃ መሣሪያ የሚደረግ ልምምድ የእጅን እንቅስቃሴ ለማሻሻል ተጠንቷል። ጥናቶቹ ግን በአብዛኛው በፒያኖና በከበሮ የተሠሩ ናቸው። ዩኩሌሌ መጫወት ከፈለጉ ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎ መሣሪያውን አሳይተው የትኛው እጅ የትኛውን ሥራ ቢሠራ እንደሚሻል ይጠይቁ። ክሮቹን ገልብጦ በማሰር ግራ እጅ እንዲመታ፣ ቀኝ እጅ እንዲጫን ማድረግ ይቻላል። የደከመው እጅ መምታት ብቻ ከቻለ ይመታ፤ ክሩን ሌላ የቤተሰብ አባል ይጫንለት። ለሁለት ተካፍሎ መጫወትም ልምምድ ነው።

የልብ ቀዶ ሕክምና። ደረት ተከፍቶ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ካደረጉ የደረት አጥንት ለመጠገን ሳምንታት ይወስዳል። ዩኩሌሌ ደረት ላይ ተደግፎ ስለሚያዝ መቼ መጀመር እንደሚችሉ ቀዶ ሐኪምዎን ይጠይቁ። እስከዚያ መሣሪያውን ጭን ላይ አስተኝተው ክሮቹን መምታት ይቻል እንደሆነም ይጠይቁ።

የኩላሊት እጥበት። ለእጥበት ተብሎ በክንድዎ ላይ የተሠራ የደም መስመር ካለ በዚያ ክንድ መሣሪያውን ደረትዎ ላይ አይጫኑ፤ ማንገቻውም አይጫነው። መስመሩ ከተጨነቀ ደም ሊቋጥርና ሊዘጋ ይችላል። የመስመሩ ንዝረት እንደቀድሞው መኖሩን በየቀኑ ይዳስሱ፤ ከጠፋ ወዲያውኑ ለእጥበት ማዕከሉ ይደውሉ።

የካንሰር ሕክምና። አንዳንድ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች የጣት ጫፍን ያደነዝዛሉ ወይም መዳፍን ያቀላሉ፣ ቆዳንም ይልጣሉ። በእነዚህ ጊዜያት ክር መጫን ያቁሙ። ነጭ የደም ሴልዎ በቀነሰበት ወቅት ትንሽ ቁስልም ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል። ሙቀትዎ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሳይጠብቁ ወደ ሕክምና ይሂዱ።

ፍቅሩ ራሱ የሕመም ምልክት የሚሆነው መቼ ነው?

አዲስ ነገር መውደድ በአብዛኛው ጤና ነው። ነገር ግን ቤተሰብ ሊያውቃቸው የሚገቡ ጥቂት ሁኔታዎች አሉ።

የፓርኪንሰን ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሚወስዷቸው መድኃኒቶች አንዳንዶቹ፣ በተለይ ፕራሚፔክሶልና ሮፒኒሮል፣ ራስን መግታት የሚያስቸግር ፍላጎት ሊያመጡ ይችላሉ። ይህ በቁማር፣ ያለ ልክ በመግዛት ወይም አንድን ነገር ለሰዓታት በመደጋገም ይታያል። ሕመምተኛው ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ አንድ ዜማ ከደጋገመ፣ ወይም አቅሙ ሳይፈቅድ መሣሪያ ላይ መሣሪያ ከገዛ ጉዳዩ የባሕርይ ሳይሆን የመድኃኒቱ ሊሆን ይችላል።

ባይፖላር ያለበት ሰው እንቅልፉ በጣም ቀንሶ ድካም ካልተሰማው፣ ንግግሩ ከፈጠነ፣ ገንዘብ ከበተነና በአዲሱ ሥራው ከተዋጠ የሕመሙ መነሣት ሊሆን ይችላል። ከፍተኛ መጠን ያለው ፕሬድኒሶሎን የሚወስዱ ሰዎችም እንቅልፍ ማጣትና ያልተለመደ የስሜት ከፍታ ሊያጋጥማቸው ይችላል።

መለያው የፍቅሩ ብርታት አይደለም። እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ገንዘብና ከሰው ጋር ያለ ግንኙነት ናቸው። እነዚህ ካልተናጉ ሰውየው ደስ ብሎታል ማለት ነው፤ ይተዉት። ከተናጉ ግን ሐኪሙን ያነጋግሩ። መድኃኒቱን በራስዎ አያቁሙ፣ እንዲቆምም አይገፋፉ፤ በድንገት ማቋረጥ ራሱ አደገኛ ሊሆን ይችላል።

ለቤተሰብ

• «በዚህ ዕድሜ?» አይበሉ። በቀልድ የተባለ ቃል የጀመረውን ሊያስቆም ይችላል።
• የልምምድ ሰዓት አብራችሁ ወስኑ። ለተለማማጁም ለሚያርፈውም ሰው ይመቻል።
• የእጁን ሁኔታ ይጠይቁ። «ጣትህ እንዴት ነው?» ማለት «ተው በቃህ» ከማለት የበለጠ ይረዳል።
• አባት ወይም እናት በሕመም ምክንያት ብዙ ነገር ትተው ከሆነ ዩኩሌሌው የራሳቸው የሆነ ብቸኛ ነገር ሊሆን ይችላል። ለማስተማር አይቸኩሉ፤ እንዲያሰሙዎት ይጠይቋቸው።

መቼ ወደ ሐኪም መሄድ አለብዎት?

በቀጠሮ፦

• እረፍት አድርገው ከ1 እስከ 2 ሳምንት ያልተሻለ ሕመም ወይም መደንዘዝ ካለ
• ጣት ከተቆለፈ ወይም ዕቃ ከእጅዎ መውደቅ ከጀመረ
• በአውራ ጣት ሥር ያለው የመዳፍ ጡንቻ እየሳሳ ከመጣ

በዚያው ቀን፦

• የጣት ጫፍ ካበጠ፣ መግል ከያዘ፣ ወይም ቅላቱ ወደ እጅ መስመር ሠርቶ ከሄደ
• የስኳር ሕመም ካለብዎትና ቁስሉ ካልደረቀ

በአስቸኳይ፦

• አንድ እጅ፣ እግር ወይም የፊት ጎን በድንገት ከዛለ ወይም ከደነዘዘ፣ ንግግር ከተንተባተበ ወይም ዓይን ከጋረደ። ይህ የስትሮክ ምልክት ሊሆን ይችላል። «ከልምምዱ ብዛት ነው» ብለው አይጠብቁ፤ ወዲያውኑ አምቡላንስ ይጥሩ ወይም ወደ ቅርብ ሆስፒታል ይሂዱ።
• ግራ እጅ ላይ የሚወርድ ሕመም ከደረት መጨነቅ፣ ከላብ ወይም ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ። ይህ የልብ ድንገተኛ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ በተመሳሳይ መንገድ አስቸኳይ እርዳታ ይፈልጉ።

ለሐኪምዎ ሊያቀርቧቸው የሚችሉ ጥያቄዎች

• ካለብኝ ሕመም አንጻር በቀን ምን ያህል ደቂቃ ብለማመድ ይሻላል?
• ከምወስዳቸው መድኃኒቶች ቆዳዬን፣ ነርቮቼን ወይም ስሜቴን የሚነካ አለ?
• ከቀዶ ሕክምናዬ በኋላ መሣሪያውን ደረቴ ላይ መደገፍ የምችለው መቼ ነው?
• የእጅ ፊዚዮቴራፒ ያስፈልገኛል?

ወደ ቀጠሮዎ ሲሄዱ መሣሪያውን ይዘው ቢሄዱ ጥሩ ነው። ሐኪሙ ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው አያያዝዎን በዓይኑ ካየ የሕመሙን ምክንያት በቀላሉ ሊያገኘው ይችላል፤ ብዙ ጊዜም መፍትሔው መሣሪያውን መተው ሳይሆን ወንበሩን፣ ማንገቻውን ወይም ሰዓቱን ማስተካከል ይሆናል።

ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ መረጃ የቀረበ ሲሆን የሐኪም ምርመራንና ምክርን አይተካም።